አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና «ያላቸውን ዕውቀት ሁሉ ለትውልድ ያስተላለፉ» የሚል ንግግር አነበቡልኝ። እውነት ነው፤ ያለኝን ሁሉ አስተላልፌያለሁ፤ ብዙም ጊዜ አልፈጀብኝም። ለማመስገን ስነሳ ግን የጋቢውን ጫፍ ረግጬ ርዕሰ መምህሩ ላይ ወደቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ተረስቶ እስከ ዛሬ ወልዲያ ውስጥ የሚወራልኝ ይኸው ነው።

በዚያው ቀን በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት መምህር ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ የፈለጉትን ትልቅ ቁጥር ይስጡኝ፤ ይከፈል አይከፈል ይህ ወዲያው ይናገራል» አለኝ። አፌ ላይ የመጣው አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ነበር። ነካ ነካ አደረገና፣ እኔ ምራቄን ሳልውጥ፣ «ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሲባዛ በሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት» ብሎ አነበበልኝ።

«ልክ ነው ጋሼ?»

«ልክ ነው።»

«እንዴት አወቁ? በቃልዎ ይዘውታል እንዴ?»

«ታስሬበታለሁ» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። የሳቀልኝን ሰው ማሳዘን አልወድምና አብሬው ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አለቀብኝ። ቤቴ ውስጥ የሚስቅ ሌላ ሰው ስለሌለ አንዴ ካለቀ የሚተካው የለም። ስለዚህ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ወልዲያ ነው፤ ደርግ አገሩን ይዞ በቆየበት ዘመን። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነበር። ሂሳብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅም አይመስለኝም ነበር። ደመወዙ እንደ ደመወዝ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ቀጭንና ረዥም የወልዲያ ሰው ነበሩ። ጠመኔያቸው ሲያጥር አይጥሉትም፤ ጫፉ በተሰነጠቀ መቃ ላይ ይሰኩትና እስከ መጨረሻዋ ድቃቂ ይጽፉበታል። ጣታቸው ጠመኔ ሲነካ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ከክፍል ስወጣ ዱቄት ተሸክሜ ከወፍጮ ቤት የወጣሁ እመስል ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ሰውን «ተሳስተሃል» አይሉም። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «በየት በር ገባህ?»

«አካፍዬ ነው ጋሽ እንድሪስ።»

«ደግ። አሁን በሌላ በር ግባ። ቤት ውስጥ ከተገናኘን ልክ ነህ ማለት ነው። በዚያው በር ሁለቴ የገባ ሰው ግን ገደሉን ሁለቴ ዘሎት ያልፋል፤ አያየውም።»

ለቁጥሮች የራሳቸው ስም ነበራቸው። አንድን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን ሁሉ፣ ከራሱ በቀር፣ ይደምሩና ድምሩ ከቁጥሩ ከበለጠ «ለጋስ»፣ ካነሰ «ንፉግ»፣ እኩል ከሆነ «ልከኛ» ይሉታል። አሥራ ሁለት ለጋስ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራትና ስድስት ተደምረው አሥራ ስድስት ይሰጣሉ። ሃያ ስምንት ልከኛ ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ መጽሐፉ «ብቸኛ ቁጥር» የሚለው ደግሞ፣ ከንፉጎች ሁሉ የባሰው ነው፤ ያለው አንድ ብቻ ነውና። «እሱን አትፍረድበት» ይሉ ነበር፤ «የሌለውን ከየት ያምጣ?»

አንድ ነገር ልጨምር። በመምህራን ማረፊያ ሁሉም ስለ ሁሉም ነገር ይምላል፤ ስለ ዱቄት ወረፋም፣ ስለ ሹመትም። ጋሽ እንድሪስ ጸሎታቸውን የማያጓድሉ ሰው ሆነው ሳለ ስለ ቁጥር «ወላሂ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አንዴ ምለው እንዲነግሩኝ ብጠይቃቸው «ቁጥር መሐላ አይፈልግም፤ ሄደህ እየው» አሉኝ።

ብዙም ሳልቆይ «ለሥራው ሲባል» ተብዬ ወደ መርሳ ተዛወርኩ። መርሳ ሩቅ አይደለችም፤ በሲሪንቃ አልፎ መውረድ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ኬላ አለ፣ ከመሸ ሰዓት እላፊ አለ። ጎረቤት ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ» ብሎ «ደህና» እስኪባል ድረስ ዙሪያውን ያያል። ከመምህራኑ ወጣት ወጣቶቹ ለዘመቻ ተወስደዋል፤ የቀረነው ሲመሽ በየቤታችን መግባት ነው። እኔም በየቤታቸው ከሚገቡት መካከል ቀድሜ እገባ ነበር፤ ከመፍራቴ ሌላ የምሄድበትም አልነበረኝ።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት እማማ ዘሐራ አንድ ቀን በሩን አንኳኩተው ገቡ።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከራሴ ጋር ነው እማማ። እያካፈልኩ ነው።»

«መልስ ይሰጥሃል?»

«አልፎ አልፎ።»

«እንግዲያው ከሟቹ ባሌ ይሻላል» ብለው ወጡ።

ከጋሽ እንድሪስ ጋር የተገናኘነው በአውቶቡስ ጀርባ ነው። አያ ይመር የሚባል ሹፌር ጠዋት ከወልዲያ ወደ ደሴ ይወርዳል፤ በማግስቱ ይመለሳል። የአውቶቡሱ ጀርባ በበጋ አቧራ ጠግቦ ሰሌዳ ይሆናል። ጋሽ እንድሪስ መነሻው ላይ በጣታቸው አንድ ቁጥር ይጽፉበታል። እኔ መርሳ ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ ጠብቄ አነበዋለሁ፤ በልቤ ይዤው እገባለሁ። መልሱን ሳገኝ፣ አያ ይመር ወደ ወልዲያ ሲመለስ ቁጥሩን ጽፌ ከሥሩ ትንሹን አካፋይ አኖራለሁ፤ ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ ደግሞ እከበዋለሁ። ሌላ ቃል የለም። «እንደምን ከረምክ» የለም። ግን እመኑኝ፣ በዚያ ዓመት ከሰው ጋር ያወራሁት ይኸው ነው።

አያ ይመር ያጉረመርም ነበር። «እናንተ ሰዎች መኪናዬን ሰሌዳ አደረጋችሁት። ሰው ‹ስንት ታርጋ ነው ያለህ› ይለኛል።»

«አቧራውን ብታጥበው እኮ አንጽፍበትም» አልኩት።

«አጥቤው ምን ላተርፍ? አንቱ የምላቸው ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት እየሳቁ ይመጡልኛል።»

እንደሚስቁ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንዴ አሥር ሺህ አንድ መጣ፤ ሰባ ሦስት ብዬ መለስኩ። ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስምንት መጣ፤ ልከኛ መሆኑን ደርሼበት «ልክ» ብዬ ጻፍኩና አካፋዩን ሁለትን መጻፍ ረሳሁ፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መጣ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ቁጥሩ ይከፈል እንደሆነ ለማየት ከሺህ በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ነው። ከሺህ በላይ ባለው ቢከፈል ኖሮ ሁለተኛው አካፋይ ከሺህ በታች ይሆን ነበርና ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። ከሺህ በታች ያሉት ግን መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። የረዥም ማካፈል ሥራ ነው፤ በወረቀት፣ በእርሳስ። እኔ ደግሞ ምን ሥራ አለኝ? ሚስት የለኝ፤ ሚስት እንዳላገኝ የሚያደርግ ጠባይ ግን በብዛት ነበረኝ። ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ ሰጠሁት። በሁሉም አካፈልኩ፤ ሁሉም ቀሪ ሰጠኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ሠራሁት፤ አሁንም ሁሉም ቀሪ ሰጠኝ። አያ ይመር ሲመጣ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝን ጻፍኩና ከበብኩት።

አውቶቡሱ ተመልሶ ሲመጣ ያው ቁጥር፣ ያለ ክብ፣ እንደገና ተጽፏል።

ሌላ በር ፈልግ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ግን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። አስፍቼ ከበብኩት። እንደገና መጣ። እንደገና ከበብኩት፤ በዚህኛው ክቡ የአውቶቡሱን ጀርባ እኩሌታ ይዞ ነበር። ለሳምንታት አንድ ቁጥር አንዴ ክብ ለብሶ፣ አንዴ ራቁቱን፣ በዚያ ጦርነት ባለበት መንገድ ላይ ሲወርድና ሲወጣ ከረመ። ኬላ ላይ ያሉት ሰዎች ዓይን አልነበራቸውም ብዬ እንዴት እንዳሰብኩ አሁንም አላውቅም።

ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ወልዲያ አንድ ግቢ ውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት የተከመረበት ክፍል አስገቡኝ። ጋሽ እንድሪስም በዚያው ግቢ፣ በሌላ ክፍል እንዳሉ ሰማሁ፤ አያ ይመርን ጠይቀውት ለቀውታል። የሚጠይቀን ኃላፊ ወጣት ነበር፤ አይጮህም። የሚያስፈራውም እሱ ነበር፤ ያስባል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ፤ ቁጥሩን ገልብጦታል።

«ቁጥር ነው ጓድ።»

«የምን ቁጥር?»

«የምንም አይደለም። እንዲሁ ቁጥር ነው።»

«እንዲሁ ቁጥር የለም። የሰው ነው፣ የበሬ ነው፣ የጥይት ነው። አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ምን?»

«አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ... ምንም።»

«ክቡስ?»

«አይከፈልም ማለት ነው።»

የገለበጠበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ሂሳብ አልማርኩም ብለህ አትናቀኝ። ሂሳብ ከሆነ መልሱ አንድ ነው፤ ወልዲያም መርሳም። ሁለታችሁንም ለየብቻ እጠይቃለሁ። መልሳችሁ ከገጠመ ሂሳብ ነው፤ ትወጣላችሁ። ካልገጠመ የሚስጥር ምልክት ነው፤ ትቆያላችሁ። ይህ ቁጥር ይከፈላል ወይስ አይከፈልም?»

ከዚህ የተሻለ ፈተና እኔም አላወጣም ነበር። «አይከፈልም» አልኩ።

ሄዶ ተመለሰ። «ሽማግሌው ይከፈላል ብሏል።»

አሁን የሆንኩትን ስሙኝ። አንገቴ ላይ ገመድ ሊገባ ይችላል፤ የጋሽ እንድሪስም አንገት። ደህና ጭንቅላት ያለው ሰው «አዎ፣ እሳቸው ካሉ ይከፈላል» ይል ነበር። እኔ ያልኩት «ተሳስተዋል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ» ነው። ኃላፊው ራሱን ነቅንቆ በሩን ቆለፈ።

ብቻዬን ስቀር ግን ያቺ «በየት በር» የምትል ነገር አላስቀምጥ አለችኝ። ወረቀት የለኝም። ከከረጢቶቹ መካከል ምስማር አገኘሁና የግድግዳውን ምርጊት እየጫርኩ ማካፈል ጀመርኩ፤ በዚህኛው ከላይ፣ ከሺህ ወደ ታች። ያ ሌላ በር አይደለም፤ ቢያንስ ግን በዚያው በር ወደ ኋላ መግባት ነው። ግድግዳው በቁጥር ተሞላ። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ላይ ስደርስ ሦስት መቶ ሰማንያ ሲቀነስ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት መጣ። ሰማንያ ሰባት ነው። ቤቴ በሠራሁት ላይ ግን ዘጠና ሰባት ብዬ እንደጻፍኩ ትዝ አለኝ፤ ከአሥር ቤት ተበድሬ ሳልቀንስ አልፌዋለሁ። መጨረሻው ላይ መቶ ቀርቶኝ ነበር። ምን ያህል የሚያምር ቀሪ ነው ብዬ እንኳ አስቤ ነበር። በሁለተኛው ዙር ዓይኔ በቀድሞው መንገድ ሄዶ ያንኑ ገደል ዘሎታል።

አሁን ዜሮ ቀረ። ተከፈለ።

በሩን ደበደብኩ። «ጓድ ኃላፊውን ጥራልኝ!» አልኩት ዘቡን።

«ልትናዘዝ ነው?» አለኝ በደስታ።

«አዎ» አልኩት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ መልሳችን ገጠመ ማለት ነው፤ ልንወጣ ነው።

ኃላፊው መጣ። «ይከፈላል» አልኩት ገና በሩ ሳይከፈት። «ጋሽ እንድሪስ ልክ ናቸው።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። «ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት አስጠርቶኝ ነበር» አለ። «‹ተሳስቼ ነው፣ አይከፈልም፣ ልጁ ልክ ነው› ብሎኛል። ትናንት እሱ ይከፈላል ሲል አንተ አይከፈልም አልክ። ዛሬ አንተ ይከፈላል ስትል እሱ አይከፈልም አለ። እኔን ምን አድርጋችሁ ነው የያዛችሁኝ?»

እዚህ ላይ ነው የሕይወቴ ትልቁ ድንቁርና ያለው። ጋሽ እንድሪስ ተሳሳቱ ብዬ አመንኩ። አመንኩ ብቻ ሳይሆን ቸኮልኩ፤ ላስተካክላቸው። «ሰሌዳ ስጠኝ፣ አሳይሃለሁ» አልኩት።

ከግቢው አንዱ ክፍል የመሠረተ ትምህርት ማስተማሪያ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ፊደል እንደተጻፈ ቀርቷል። ጠርዙን አጠፋሁና ማባዛት ጀመርኩ፤ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት በሁለት መቶ ዘጠና ሦስት። ጋሽ እንድሪስን አምጥተው በሩ አጠገብ አቆሟቸው። ከስተዋል፤ ጢማቸው አድጓል። ስንት ጊዜ ያላየኋቸውን ሰው ሰላም ሳልል «ጋሽ እንድሪስ፣ ትናንት ያሉት እኮ ነው ልክ» አልኳቸው።

«ሙሌ፣ ተወው» አሉኝ። ሙላት ነው ስሜ፤ እሳቸው ሙሌ ይሉኝ ነበር።

«ይቆዩ፣ አንድ መስመር ነው የቀረችኝ።»

«ተወው በቃ፣ ወንድሜ።»

እኔ ቀጠልኩ። ሦስቱን መስመሮች ደመርኩ፤ አንድ፣ አምስት ዜሮዎች፣ ዘጠኝ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሁለተኛዋን መስመር እየሳብኩ ሳለሁ ነው የገባኝ። ጣቴ ሰሌዳው ላይ ቀረ።

ኃላፊው ተነሳና ጠመኔውን ተቀብሎኝ ራሱ ከመጀመሪያው አባዛው፤ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ልክ ሆኖ አገኘው። ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረ።

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በምን አወቅህ?»

ጋሽ እንድሪስ በፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ቀጥ ብለው መለሱ። «ቁጥሩ የሺህ ካሬና የሦስት ካሬ ድምር ነው። ደግሞም የዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ካሬና የሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ካሬ ድምር ነው። በሁለት መንገድ እንዲህ የሚገኝ ቁጥር የግድ ይከፈላል።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ለምን ሌላ አልክ?»

ወደ እኔ አላዩም። «ልጁ እዚያ ክፍል ብቻውን ነው። ብቻውን ከሚሳሳት አብሬው ልሳሳት ብዬ ነው።»

«ዋሽተሃል ማለት ነው።»

«ዋሽቻለሁ።»

ኃላፊው ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው። «ሂሳብ መሆኑን አምኛለሁ» አለኝ። «አንተ ያየኸውን ተናገርክ፤ ውጣ። አንተ ግን፣ ሽማግሌው፣ ስለ አንድ ቁጥር እያወቅህ ከዋሸህ ስለ ሌላው ምን አምንሃለሁ? ትቆያለህ።» ከቀትር በፊት መንገድ ላይ ነበርኩ። የሚስማማኝ መኪና እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ በእግሬ ወደ መርሳ አቅጣጫ መሄድ ጀመርኩ። ሲሪንቃ ስደርስ ነው ጠመኔው እጄ ላይ እንዳልሆነ እንኳ ልብ ያልኩት፤ ጣቶቼን ግን አሁንም እንደያዘው ሰው አጣብቄያቸው ነበር።

ጋሽ እንድሪስን የለቀቋቸው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ማስተማር ከለከሏቸውና ከደሴ ወዲያ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት መደቧቸው። በአያ ይመር አውቶቡስ አለፉ፤ መርሳ ላይ ለሻይ ወረዱ። ዝናቡ የአውቶቡሱን ጀርባ አጥቦታል። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስዘጋጅ የሰነበትኩበት ንግግር ነበረኝ፤ የጡረታዬን ንግግር የሚያስንቅ። አላስጀመሩኝም።

«የት ላይ ነበር?» አሉኝ።

«ከሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ስቀንስ።»

«ዘጠና ሰባት አልክ?»

«አዎ።»

«ብዙ ሰው እዚያ ይወድቃል» አሉ። ሻያቸውን ቀመሱ። «እኔ ደግሞ ያን ቀን አልተቀየምኩህም። አንተ እንደዚያ ስታባዛ ሳይህ ጥሩ እጅ አለው አልኩ።»

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተነሱ። አንድ ቁጥር ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰጡኝም። እኔው ተከተልኳቸው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ሚሊዮን ሦስትስ?»

ሻይ ቤቱ በር ላይ የቆሙትን ታጣቂዎች አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እኔ ሂሳብ ትቻለሁ፣ ልጄ» አሉና ተሳፈሩ።

ያንን ክረምትና ቀጣዩን በጋ አንድ ሚሊዮን ሦስት ላይ ሠራሁ። ከታች ወደ ላይ ሠራሁት፤ ከላይ ወደ ታች ሠራሁት፤ ቅነሳውን ሁሉ እየደመርኩ መለስኩት። ደርግ ከወደቀ በኋላ የመጀመሪያው አውቶቡስ እንደተነሳ ደሴ ወርጄ፣ ከዚያም አልፌ፣ ግምጃ ቤቱን ጠየቅሁ። አንድ ዘበኛ «አዎ፣ እዚህ ነበሩ» አለኝ። የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ አነጋገሩ ነግሮኛል።

ለተማሪዎቼም ለባልደረቦቼም ተናግሬው አላውቅም። ለሌላ ሰው የተሠራ መልስ ነበር። ለዚያ ወጣት መምህር ስልክም አልሰጠሁት። አሁን ግን እኔም ዕድሜዬ እየሄደ ነውና በዚህ ወረቀት ላይ ይቅር፦ አንድ ሚሊዮን ሦስት አይከፈልም፣ ጋሽ እንድሪስ።